አድራሻውን የሚያውቅ መድኃኒት

ታዬ እባላለሁ። የተሳቢ መኪና ሹፌር ነኝ፤ የምኖረው አቃቂ በሰቃ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እኔ ሐዲዱን ትቼ በጎማ ቀጠልኩ። ሃምሳን ካለፍኩ ቆየሁ። ይህን የምጽፈው በተለይ ቆላ ለምትወርዱ ሹፌሮችና ረዳቶች ነው። ሚስቶቻችሁም ያንብቡት፤ እኛ ወንዶች የገዛ ሕመማችንን ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከእነሱ ነውና።

የእኔንም ቀድማ ያየችው ባለቤቴ ዘነበች ናት። አንድ እሑድ ሸሚዜን ስቀይር ቆማ አየችኝና፣ «ከሳህ ልበል ወይስ ቦርጭ አወጣህ ልበል?» አለችኝ። ሁለቱም እውነት ነበር። ፊቴና ክንዴ መንምነዋል፤ ሆዴ ግን ወደ ግራ ተነፍቷል። መሪ ስይዝ ከጎድን አጥንቴ ሥር ድንጋይ የተሸጎጠ ይመስለኝ ነበር። ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቀጥሎ ትኩሳቱ መጣ። ቀን ደህና እውላለሁ፤ አመሻሽ ላይ ያንቀጠቅጠኛል፣ ከዚያ ላብ ያጠምቀኛል። ጋቢ ደራርቤም ይበርደኛል። ሰፈራችን ካለው ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ። «ታይፎይድ አለብዎት፤ ታይፈስም ትንሽ ይታያል» አሉኝ። በዚህ ከተማ ደም ሰጥቶ ታይፎይድ የለብህም የተባለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ኪኒኑን ጨረስኩ። ትኩሳቱ ግን ኪኒን መጀመሬንም መጨረሴንም የሰማ አይመስልም።

ሳሪስ ወዳለ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። የወባው ምርመራ ምንም አላሳየም፤ ጨጓራ ነው ተባልኩ። ሦስተኛው ቦታ ደግሞ የሳንባ ፎቶ አነሱኝና፣ ሳል ባይኖረኝም የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል አሉኝ። በየደረስኩበት ከሥር እንደገና ነው የሚጀመረው። ደሜ እያነሰ ሄዶ ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ሳልቆም መድረስ አቃተኝ። መኪናዬን ለሌላ ሹፌር ሰጡብኝ። በቤታችን የነበረው ሁሉ እየተሸጠ ቤታችን ተራቆተ።

ሰፈር ውስጥም ሹክሹክታ ተነሣ። ሹፌር ከከሳ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጎረቤቶቻችን እኔን ሳይሆን ዘነበችን «እንዴት ነሽ?» ማለት አበዙ፤ የሚሏትም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። እሷ «ደህና ነኝ፤ የታመመው ታዬ ነው» እያለች ታልፋቸው ነበር።

አንዲት ልጅ አለችን፣ ብሩክታዊት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትሠራለች። የምትመራመረው ናኖ ስለሚባለው ነገር ነው፤ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ ስለማይታይ ብናኝ ማለት ነው። ብናኙን በስሱ ትቀባና መርዘኛ ጋዝ ሲነካው ምልክት እንዲሰጥ ታደርገዋለች። የወንዛችንንና የፋብሪካውን ሽታ እየሸተተች ያደገች ልጅ ሌላ ምን ልትሠራ ኖሯል? እኔ «አፍንጫ ሠሪዋ» እላታለሁ፤ እሷም ለጓደኞቿ ራሷን እንዲሁ ብላ ታስተዋውቅ ነበር።

እሷ ናት አልትራሳውንድ ካልተነሣህ ብላ ይዛኝ የሄደችው። ያነሣኝ ሰው መሣሪያውን ሆዴ ላይ እያመላለሰ ደጋግሞ ለካ። ከዚያ ጣፊያዬ አብጣ እስከ እምብርቴ መውረዷን ነገረን። ጣፊያ ከግራ ጎድን ሥር ያለች፣ ደም የምታጣራ አካል ናት፤ በጤነኛ ሰው ላይ በእጅ እንኳ አትዳሰስም። «የደም ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ትልቅ ሆስፒታል ሂዱ» አለ። ታክሲ ውስጥ ብሩክታዊት ቃሊቲ እስክንደርስ እጄን አልለቀቀችም፤ ልጅ ሳለች መንገድ ስንሻገር እኔ የእሷን እንደማልለቀው።

ማታውኑ ትምህርቴን አቋርጣለሁ አለች።

«አቋርጠሽስ?»

«ሥራ እይዛለሁ።»

«የምን ሥራ?»

«የተገኘውን።»

«የተገኘውንማ እኔም ይዤ ኖሬያለሁ» አልኳት። «አንቺ የፈለግሽውን ነው የያዝሽው። እንዳትለቂው።»

አለቀሰች፤ ግን አልለቀቀችውም።

ከእናቷ ጋር ደግሞ በሌላ ነገር ተጣሉ። ዘነበች ጸበል ልትወስደኝ ፈለገች። ብሩክታዊት በዚህ ብርድ እንዴት ይሆናል ብላ ተቆጣች።

«ሐኪሞችሽ እስካሁን የበሽታውን ስም እንኳ አልነገሩንም» አለቻት እናቷ። «እግዚአብሔር ግን ስሙን ያውቀዋል።»

«ስሙን እስኪነግረን አባዬን ብርድ ይገድለዋል።»

ሁለቱም ስለወደዱኝ ነበር የሚጣሉት፤ እኔ ግን መሐል ተኝቼ መስማቱ ከትኩሳቱ ይብስብኝ ነበር። በመጨረሻ ጠዋት ጸበል፣ ከዚያ ቀጥታ ሆስፒታል በሚል ታረቁ። ጀሪካኑን የተሸከመችው ብሩክታዊት ናት። አጥማቂው ካህን ስንቀጠቀጥ አይተው ሦስት ጊዜ ብቻ ረጨት አደረጉኝና፣ «በሉ ቶሎ ውሰዱት፣ ወረፋው ይረዝማል» አሉ።

ወረፋውስ ረዥም ነበር። ካርድ አውጥተን ኮሪደር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥን። እንደዚያ ያለ ቦታ የማይተዋወቅ ሰው ቶሎ ይዛመዳል። አንዱ ሲነሣ ሌላው ቦታውን ይጠብቅለታል፤ ውኃ የያዘ ያዞራል። እኔ ከአጠገቤ በተቀመጠ የማላውቀው ሰው ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሯል። ተራው ደርሶ ነርሷ ስሙን ስትጠራው፣ እንዳልነቃ ብሎ በእጁ «ትንሽ ቆዪ» አላት አሉ። ዘነበች ናት በኋላ የነገረችኝ። የዚያን ሰው ስም ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ ትከሻው ግን ዛሬም ትዝ ይለኛል።

የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ወረቀቶቼን ወደ ጎን አድርጋ መጀመሪያ ሆዴን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሹፌር ነኝ።»

«በየት መስመር?»

«ጭነት በተገኘበት ሁሉ።»

«ባለፈው ዓመት ቆላ ወርደው ሜዳ ላይ ያደሩበት ጊዜ አለ?»

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ወራት ስላለፉት ከሕመሜ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። ሰሊጥ ልጭን በመተማ መስመር ወርጄ ካምቢዮው ተሰበረብኝ። ረዳቴን ዕቃ ፍለጋ ጎንደር ልኬ እኔ መኪናዬን ስጠብቅ ሰነበትኩ። ጋቢናው እንደ ምድጃ ስለሚግል ከግራር ሥር አንጥፌ ነበር የማድረው። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል።

ዶክተሯ ይህን ስነግራት መጻፏን አቆመች።

«የሚነክስ ነገር ነበር?»

«ትንኝ እንኳ አልሰማሁም።»

«እሷ ድምፅ የላትም» አለችኝ። «የአሸዋ ዝንብ ትባላለች፤ ከትንኝም ታንሳለች። በእንዲህ ያለ የተሰነጠቀ አፈርና በግራር ሥር ትኖራለች። ካላዛር የሚባል በሽታ ታስተላልፋለች። እስካሁን የት እንደሄዱ የጠየቀዎት ሰው አልነበረም?»

«ምን እንደበላሁ ነው የጠየቁኝ።»

ካላዛር ያልታከመ እንደሆነ እንደሚገድል፣ ከታከመ ግን እንደሚድን ነገረችን። ዘነበች «ይድናል» የሚለውን እንድትደግምላት ጠየቀቻት። ደገመችላት።

ቀጥሎም በጥንቃቄ ሌላ ነገር አነሣች። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይ ካላዛር ስለሚከብድና ሕክምናውም ስለሚለይ ለሁለቱም በሽታ መመርመር ያስፈልጋል አለች። «ፈቃድዎ ከሆነ ለብቻዎም ልናነጋግርዎ እንችላለን» ብላ ወደ ዘነበች አየት አደረገች። የሰፈሩ ሹክሹክታ ሁሉ ተከትሎን እዚያ ክፍል የገባ መሰለኝ። ከእኔ በፊት ዘነበች መለሰች።

«እኔንም መርምሩኝ» አለች።

ደም ሰጥተን ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልን።

«ዘኑ» አልኳት፣ «እኔ እኮ መንገድ ላይ...»

«አልጠየቅሁህም።»

«ልነግርሽ ብዬ ነው፤ ምንም የለም።»

«አውቃለሁ» አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። «ባላውቅም እዚሁ ነኝ።»

ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ትዳር አለን። እንደዚያ ያለ ነገር ብላኝ አታውቅም፤ እኔም እንደዚያን ቀን አፍሬም ኮርቼም አላውቅም።

ሁለታችንም ነፃ ነበርን። ካላዛሩ ግን አለ። ውጤቱን ያሳየን እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለ ትንሽ ነገር ነው፤ ሁለት ቀያይ መስመር ወጥቶበታል። ብሩክታዊት እንድታየው ፈቃድ ጠይቃ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው።

«አባዬ፣ ይሄ ቀይ መስመር ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ደሜ ነዋ።»

«አይደለም፣ ወርቅ ነው።»

የምትቀልድብኝ መሰለኝ። እሷ ግን ወርቅ በጣም፣ በጣም ሲደቅ ቢጫነቱ ጠፍቶ ቀይ እንደሚሆን፣ ሰውነቴ በበሽታው ላይ የሠራውን መከላከያ ካገኘ ያ የወርቅ ብናኝ እዚያ ቦታ ተሰብስቦ መስመር እንደሚሠራ ነገረችኝ። ዘነበች ከጎን ታዳምጥ ኖሯል።

«እኔ ስንት ዓመት ወርቅ ስለምነው፣ ለካ ለበሽታው ነው የሚያወጣው» አለች።

ዶክተሯ ሳቀች። ብሩክታዊትም ሳቀች። እኔ ስስቅ ጣፊያዬ አመመኝ፤ ቢሆንም ከብዙ ወራት በኋላ ቤተሰቤ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ሕክምናው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው በየቀኑ ለብዙ ጊዜ የሚወጋ መርፌ ነው፤ ልብን ስለሚጎዳ በእኔ ዕድሜና አቅም ዶክተሯ ፈራችው። ሌላኛው በግሉኮስ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ይህም ራሱ ድሮ ኩላሊት የሚጎዳ ክፉ መድኃኒት እንደነበር፣ አሁን ግን ተጠቅልሎ እንደሚመጣ ነገረችን።

«በሊፖሶም?» አለች ልጄ።

«አዎ፣ በሱ» አለች ዶክተሯ።

ሁለቱ ተግባብተው እኔ ቀረሁ። አልጋ ይዤ ከተኛሁ በኋላ ብሩክታዊት አስረዳችኝ። የካላዛር ተሕዋስ የሚደበቀው ሰውነትን በሚጠብቁት ሴሎች ሆድ ውስጥ ነው። እነዚያ ጠባቂዎች ደግሞ በደም ውስጥ ሲያልፍ ያገኙትን ባዕድ ብናኝ ሁሉ ይውጣሉ። መድኃኒቱ ሊፖሶም በሚሏት በጣም ደቃቃ የስብ ከረጢት ውስጥ ተደርጎ ሲገባ ጠባቂዎቹ ይውጡታል፤ እዚያው ከተደበቀው ጠላት ላይ ይራገፋል። ኩላሊትን እምብዛም ሳይነካ ማለት ነው።

«ሲሚንቶ ስጭን መንገድ ላይ እየበተንኩ እንደማልሄደው» አልኳት። «ሸራ አልብሼ፣ አስሬ፣ መጋዘኑ ስደርስ ነው የማራግፈው።»

«ልክ ነው። ልዩነቱ ሸራው ራሱ ከስብ የተሠራ መሆኑ ነው።»

«አንቺም ይሄን ነው የምትሠሪው?»

«የእኔ ጋዝ ነው አባዬ። ግን ዘመዳሞች ናቸው። ከኔ ወንበር አጠገብ የምትሠራው ልጅ የካንሰር መድኃኒት በእንዲህ ያለ ከረጢት ለመላክ ነው የምትሞክረው። ገና ሙከራ ላይ ናት።»

ያን ቀን ነው የልጄን ሥራ ያወቅሁት። እስከዚያ እወድላት ነበር እንጂ አላውቀውም ነበር።

መድኃኒቱ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ አልቆ ነበር። ከሌላ ቦታ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ፤ የመጠበቁን ነገር አትጠይቁኝ። አፍንጫዬ ይደማ ጀመር፣ አልቆም ይላል። ሌሊት ሌሊት ዓይኔን ከጨፈንኩ የማልነቃ እየመሰለኝ ጣራውን ሳይ አነጋ ነበር። ዘነበች ከአልጋዬ ሥር ካነጠፈችው ካርቶን ላይ ሆና፣ «አልተኛሁም» ትለኛለች ሳልጠይቃት። እሷ አልተኛሁም ስትለኝ እኔ እተኛለሁ።

ደም መስጠት ያስፈልጋል ሲባል ጓደኛዬ ሙላት፣ እሱም ሹፌር ነው፣ አቃቂ ያገኘውን ሹፌር ሁሉ ይዞ መጣ። ተሳቢ ከጭቃ በእጁ ገፍቶ ያወጣ የሚመስል አንድ ግዙፍ ሰው መርፌውን ሲያይ ራሱን ስቶ ወደቀ። የእኔን ትተው እሱን ሲያነሡ ቆዩ። ከዚያ በኋላ ተነሥቶ፣ «አሁን ውሰዱ፣ አላይም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሰጠ። ከእነዚህ ሰዎች የማንኛው ደም እንደደረሰኝ ባላውቅም፣ አሁንም መንገድ ላይ ስንተላለፍ ሁሉንም እንደ ወንድሜ ክላክስ አደርግላቸዋለሁ።

በመጨረሻ መድኃኒቱ በበረዶ ሣጥን መጣ። ቢጫ ዱቄት ነው። ነርሷ ስትበጠብጠው እያየሁ በጨው ውኃ እንደማይደባለቅ፣ በስኳር ውኃ ብቻ እንደሚሰጥ ነገረችኝ። መውረድ እንደጀመረ ወገቤን ቆረጠመኝ፣ አንቀጠቀጠኝም፤ በቃ ሊገድለኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ነርሷ አወራረዱን ቀነስ አድርጋ ብርድ ልብስ ጨመረችልኝ። እስኪያልፍልኝ አጠገቤ ቆማ ስለ ልጆቿ አወራችኝ። መድኃኒቱ ፖታሲየም የሚባለውን የሰውነት ጨው ስለሚያሳንስ ሙዝ ይብላ ተባለና ዘነበች ሙዝ በሙዝ አደረገችኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አመሻሽ ላይ ዘነበች እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ቆየች። እንደለመደችው ትኩሳቱን ትጠብቃለች። ኮሪደሩ ላይ መብራት በራ፣ ራት ያመጡ ጠያቂዎች ገቡ፣ ወጡም።

«ሰዓቱ አለፈ» አለች።

«የምኑ?»

«የትኩሳትህ ነዋ።»

እጇን ግን አላነሣችም።

በማግሥቱ ዱለት አማረኝ። ለወራት ምግብ በማንኪያ በግድ ስታጎርሰኝ የነበረች ሴት፣ ዱለት አማረኝ ስላት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ዱለቱን ዶክተሯ ከለከለች፤ ለጊዜው በሾርባ ተስማማን።

ሕክምናውን ጨርሼ ወደ ቤቴ ገባሁ። በቀጠሮዬ ስመለስ ዶክተሯ ሆዴን ደጋግማ ዳስሳ ጣፊያዬን ልታገኛት አልቻለችም፤ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ካላዛር አንዳንዴ ሊያገረሽ ስለሚችል ክትትሉን እንዳላቋርጥ አስጠነቀቀችኝ፤ አላቋረጥኩም። ብሩክታዊት የመመረቂያ ጽሑፏን ስታቀርብ ከእናቷ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ አዳመጥኳት። ሁሉም ገብቶኛል አልልም፤ ስታስረዳ ግን ወደ እኔ እያየች ነበር።

ወንድሞቼ፣ እናንተን የምላችሁ ይህን ነው። ቆላ ወርዳችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ወራትም ቢያልፉ፣ የማይለቅ ትኩሳትና የሚያድግ ሆድ ካያችሁ፣ ባትጠየቁም የት እንዳደራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ከግራር ሥር አትተኙ። ትንንሽ ቀዳዳ ያለው፣ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ያዙ። በሰው ወሬ አፍራችሁ ምርመራ አታዘግዩ።

መኪናዬ ሲመለስልኝ የመጀመሪያው ጭነት ያው የቆላ መስመር ሆነ። ለዘነበች እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ነበር። ሰማችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ሁለት አጎበርና የራሷን የልብስ ቦርሳ ይዛለች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ብቻህን አልልክህማ።»

ይህን ሁሉ ዓመት ሹፌር አግብታ ከደብረ ብርሃን አልፋ አታውቅም። ጋቢናው ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ ረዳቴ የጋቢናውን መኝታ ለቆላት ወደ ኋላ ሄደ። መንገዱን ሁሉ ስለ ከተማው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ተራራው ስትጠይቀኝ፣ የማውቀውን ስነግራት፣ የማላውቀውንም ስጨምርላት ወረድን።

ቆላ ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ከዛፎቹ ርቄ ገላጣ ላይ አቆምኩ። ዘነበች አጎበሩን ከተሳቢው ጋር ራሷ አሰረች፤ ጫፉን ሁሉ ከፍራሹ ሥር ሸጎጠች፣ ቀዳዳ እንዳይኖር በጣቷ እየተከተለች አየችው። ከዚያ ገብታ ቁጭ አለችና በመረቡ ውስጥ ሜዳውን አየች። ሰሊጡ እስከ ሰማይ ጥግ ተዘርግቷል፤ ዳር ዳሩ ቀልቷል።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄን ብቻህን ስታይ ኖርክ?» አለችኝ።

በነጋታው ጭነን ወደ ላይ ስንመለስ እንቅልፍ ይዟት ነበር። ዳገቱ ላይ ማርሽ ስቀይር ዓይኗን ገለጠች።

«ቀጣዩ ጭነት መቼ ነው?» አለች፣ መልሳም ተኛች።